«ፈርምና ይለፍ»

እዚህ ቂርያት ጋት ልጅ በሚሽታራ ሲያዝ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚመጣው ምክር «ልጄ ፈርም፣ ይለፍ» ነው። አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል አድገዋል፣ አልፈርድባቸውም። ምክሩ ግን ልጆቻችንን እየበላ ነው!!

የሮማን ዛዶሮቭን ነገር አስቡ። እሱም እንደኛ መጤ ነው፣ ከዩክሬን መጥቶ ወለል ሲያነጥፍ የነበረ። በ2006 ካጽሪን ላይ በግድያ ተጠርጥሮ ታሰረ። እስረኛ መስሎ የሚያዋራ ሰላይ አብሮት አስገቡበት። ሰውየው አመነ፣ ኋላ ቃሉን አጠፈ። ዲኤንኤው ቦታው ላይ አልተገኘም። ቢሆንም በ2010 የዕድሜ ልክ ፈረዱበት። በ2023 የናዝሬት ፍርድ ቤት ነጻ አለው። ወደ 15 ዓመት ከታሰረ በኋላ!

አገር ሙሉ የሚያየው ክስ እንዲህ ከሆነ፣ «ፖሊስ ገፍትረሃል» የተባለ የ16 ዓመት ልጃችንማ? በ2016 የፖሊስ አዛዡ አልሼኽ ራሱ እኛን መጠርጠር ተፈጥሯዊ ነው ብሏል። ኦሪታችን እኮ በአንድ ምስክር ቃል አትፍረዱ ትላለች (ዘዳግም 19)። የእኛ ልጅ ግን በአንድ ፖሊስ ቃል ዕስካት ጢዑን ይቀርብለታል።

ወታደር ነበርኩ፣ ትእዛዝ መቀበል አውቃለሁ። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ግን ትእዛዝ አይደለም። ከሳኔጎሪያ ጽቡሪት ጠበቃ ጠይቁ፤ እስኪመጣ ልጁ ዝም ይበል።