ሂሳብና ኑሮ፦ ከቦሌ እስከ ዱባይ ስንት ሰዓት ነው?

ፊደል ቆጥረናል፤ ቁጥርም ለይተናል። ዛሬ ደግሞ ቁጥሩን ለመንገድ እናውለዋለን። ከየመንደሩ ልጆች ለሥራ ወደ ዱባይ ይሄዳሉ። ለመሆኑ ዱባይ ምን ያህል ትርቃለች? ቲኬቱስ እንዴት ይነበባል? አብረን እንየው።

መጀመሪያ ርቀቱን። ከአዲስ አበባው የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ዱባይ ማረፊያ ቀጥታው መንገድ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሕሩ ባይከለክለው፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብርቱ እግረኛ ስንት ቀን ይፈጅበታል? 2,500ን ለ40 እናካፍል፤ 62 ቀን ተኩል ይሆናል። አይሮፕላን ግን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 2,500ን ለ850 ብናካፍል ሦስት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ለመነሣቱ፣ ለማረፉና መንገዱን ለማዞሩ ሲጨመርበት ጉዞው አራት ሰዓት ያህል ነው።

አሁን ቲኬቱን እናንብብ። እንበልና «መነሻ 10:00፣ መድረሻ 15:00» ይላል። እንዴ! አምስት ሰዓት ሆነ እኮ። አንዷ ሰዓት ከየት መጣች? ፀሐይ የምትወጣው በምሥራቅ ነው። ዱባይ ከእኛ በስተምሥራቅ ስላለች ቀድሞ ይነጋላታል። ስለዚህ የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ የየአገሩ ሰዓት ነው። በመልስ ጉዞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአራት ሰዓቱ መንገድ ሦስት ሰዓት ይመስላል።

ሌላም ነገር አለ። 10:00 ማለት በእኛ 10 ሰዓት አይደለም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። የፈረንጅ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ እንዲህ እናድርግ፦

ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 እንቀንስ።
ከ19 እስከ 24 ከሆነ 18 እንቀንስ።
ከ0 እስከ 6 ከሆነ 6 እንደምር።

በዚህ ሂሳብ 21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ 00:30 ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህች በ00:30 ላይ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ቲኬቱ «15 ቀን፣ 00:30» ካለ፣ አይሮፕላኑ የሚነሣው 14ኛው ቀን መሽቶ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ነው። «15 ነው» ብሎ የ15ን ምሽት የጠበቀ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ይደርሳል። ተበድሮ የተገዛ ቲኬት ሊባክን ይችላል፤ የተገኘውም ሥራ ሊያመልጥ ይችላል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢገኝ ይመረጣል። ስለዚህ ይህ መንገደኛ በ14 ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ መድረስ አለበት። ቀኑም የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ከእኛ የቀን መቁጠሪያ ጋር እናስተያየው።

መልመጃ፦ አንዲት ልጅ ከዱባይ በ22:00 ተነሥታ አዲስ አበባ በ01:00 ገባች። ጉዞዋ ስንት ሰዓት ፈጀ? በእኛ አቆጣጠርስ ስንት ሰዓት ላይ ደረሰች?

መልስ፦ በዱባይ 22:00 ሲሆን በአዲስ አበባ 21:00፣ ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የደረሰችው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከ7 ላይ 3 ሲቀነስ 4 ሰዓት። የእናንተም መልስ ይኸው ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለ ቲኬት ካለ አውጡና ራሳችሁ አንብቡት።