የአያቴ ኒሻንና የሳሎን ቡፌ

አያቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ከዚያ ይዘው የመጡትን ሁሉ ያስቀመጡት አልጋቸው ሥር፣ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ካረፉ በኋላ ሳጥኑን ስከፍት አፈርኩ። የኮሪያ ዘማች ኒሻን አልጋ ሥር ይቀመጣል?

ቡፌ አሠራሁ። ገላው ቺፕውድ፣ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ቀይ ከፈይ፣ ከላዩ አምፖል። መስኮት ትይዩ ገተርኩት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር መብራቱን አበራለሁ። ሴቷ አያቴ አንድ ቀን ብቻ ተናገሩ፦ «ልጄ፣ እሳቸው እኮ ሳጥን ውስጥ የከተቱት ቦታ ጠፍቷቸው አይደለም።» አልሰማኋቸውም።

ሁለት ክረምት አለፈ። መስከረም ላይ የቡፌውን በር ስከፍት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ኒሻን፣ ያ በአማርኛ ተቀርጾ የተሰጠው ነሐስ፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል። የጥብጣቡ 17 ሰማያዊና ነጭ ሰንበሮች ተቀላቅለው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ሰማያዊው እንደ አዲስ ነው። ፀሐይ የበላው ፊቱን ብቻ ነበር።

ቺፕውድም ሆነ ኤምዲኤፍ በሙጫ የተጋገረ የደቀቀ እንጨት ነው። ሙጫውም እንጨቱም ለዓመታት አሲድነት ያለው ትነት ያወጣሉ፤ በሩ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ትነቱ እዚያው ይጠራቀማል። የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት እርሳስንና ነሐስን ይበላል። ሙዚየሞች ቀለሙ በሙቀት የተጋገረ የብረት ቁምሳጥን የሚመርጡት ለዚህ ነው። የአያቴ ሳጥን ከኔ ውድ ቡፌ ይልቅ ለዚያ ይቀርባል።

የባሰው ደግሞ ኒሻኖቹን፣ ቀበቶውንና የሱፍ ካፖርቱን ሁሉ አንድ ቡፌ ውስጥ ማጎሬ ነው። ሱፍ ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል፤ ቆዳ ቀበቶ የነሐስ ዘለበቱን አረንጓዴ ያስተፋዋል። ኒሻኑን በመወልወያ ላብለጭልጭ ብዬም ነበር፤ እግዜር ሲጠብቀኝ ተውኩት። በተወለወለ ቁጥር ፊደሉ ይሳሳል። ካፖርቱን ደግሞ ሽቦ መስቀያ ላይ ሰቅዬው ትከሻው ተቀዶ አገኘሁት።

አሁን ሁሉም ወደ ሳጥኑ ተመልሷል። ውስጡን ፈትሼ፣ ዝገት የጀመረውን ጠርዝ አስቀብቼ፣ ቀለሙ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ወር ያህል ከፍቼ አቆየሁት። ካፖርቱ በእጥፋቱ መሀል ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ገብቶለት ተጋድሟል። ኒሻኖቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ ተጠቅልለዋል። ሳጥኑም ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ሁለት ጡብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ቡፌው የሲኒና የብርጭቆ ሆኗል።

ዘማቾቹ አንድ በአንድ እያለፉ ዕቃቸው እኛ እጅ እየገባ ነው። እናንተም ቤት ካለ፣ ዛሬ ማታ ከፈት አድርጋችሁ አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ እዚያ አታሳድሩት።