ልጁን ከመቅጣትዎ በፊት ገመዱን ይመርምሩ

በዚህ ዓምድ ስለ ምድጃ፣ ስለ ቧንቧና ስለ ካውያ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ወላጆች «የልጆች ነገር ነው» ብለው የሚያልፉትን፣ ሲበላሽ ግን የቤቱን ሰላም የሚያውከውን አንድ ዕቃ እንመለከታለን። ይኸውም ያለ ገመድ የሚሠራው የጌም መጫወቻ፣ ልጆቻችን ጆይስቲክ የሚሉት ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። ልጃችን ለፈተና እንዲዘጋጅ ብለን ፕሌይስቴሽኑን ለአራት ወር ያህል ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበት ነበር። ትምህርት ሲዘጋ አውጥቶ ሰካው። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ መጣ፤ ጆይስቲኩ ግን ዝም አለ። ቁልፉን ቢጫነው መብራት የለም፤ ገመድ ቢሰካበትም የለም። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ነበርና አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ «ወርውረኸው ነው!» አልኩት። «አባዬ፣ አልወረወርኩም» አለኝ። አላመንኩትም። ለምሳ ከምሰጠው ገንዘብ እያጠራቀመ አዲስ እንዲገዛ ፈረድኩበት።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ያንኑ ገመድ አንሥታ በአሮጌ ስልኳ ላይ ሰካችው። ስልኩም ቻርጅ አላደረገም። «ጥፋተኛው ተገኘ» አለችኝ። የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን እናንተ የእኔን ስሕተት እንዳትደግሙ፣ የሞተ ጆይስቲክ እንዴት እንደሚመረመር በቅደም ተከተል እንመልከት። ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ2013 ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር የወጣውን ዱዋልሾክ 4 ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሮ ወደሚያስወጣው፣ ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ መሄድ።

1. ገመዱና ቀዳዳው

ይህ ጆይስቲክ የሚሞላው ማይክሮ ዩኤስቢ በሚባለው፣ አሮጌ ስልኮች በሚጠቀሙበት ገመድ ነው። ስለዚህ ገመዱን በመጀመሪያ በሌላ ዕቃ ላይ ይሞክሩት። ስልክ የሚሞላ ከሆነ ኃይል ያስተላልፋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አይብቃዎት። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ኃይል ብቻ እንጂ መረጃ የሚያስተላልፍ ሽቦ የላቸውም። እንዲህ ባለው ገመድ ጆይስቲኩ ቢሞላም ከማሽኑ ጋር መተዋወቅ አይችልም። ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር የሚያሳልፍ ገመድ ካለዎት ትክክለኛው እርሱ ነው።

ቀጥለው የጆይስቲኩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት አብርተው ይዩት። አቧራና የጨርቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ ከሆነ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ አድርገው ያውጡት። መርፌም ሆነ ሌላ ብረት አይጠቀሙ። ገመዱ ሲሰካ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳው ራሱ ላልቷል።

2. ኃይሉ በእርግጥ ይደርሳል?

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ፈጽሞ ከጠፋ ለጆይስቲኩ ኃይል አይሰጥም። ማታ ማሽኑን አጥፍታችሁ ከማከፋፈያው ከነቀላችሁት፣ ጆይስቲኩ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢያድርም ጠዋት ባዶ ነው። መሙላት ያለበት ማሽኑ በርቶ እያለ ወይም «ሪስት ሞድ» በሚባለው የእንቅልፍ ሁኔታ ላይ ሲሆን ነው። ለዚህም በማሽኑ የኃይል ቁጠባ ማስተካከያ ውስጥ ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ኃይል እንዲሰጥ መፈቀድ አለበት። በአንዳንድ የስልክ ቻርጀር ላይ ምንም ላያሳይ ስለሚችል ምርመራውን በማሽኑ ላይ ያድርጉ።

በእንቅልፍ ሁኔታ ላይ ሲሞላ የጆይስቲኩ መብራት በብርቱካንማ ቀለም ቀስ እያለ ብልጭ ይላል። ሲሞላ ደግሞ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ መብራቱ ስለ ጠፋ ብቻ «ሞተ» አይበሉ። ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ለወራት ተቀምጦ የነበረ ከሆነ ግን ባትሪው ከመጠን በላይ ስለሚያልቅ ወዲያው ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ቢያንስ 1 ሰዓት በትዕግሥት ይተዉት።

3. እንደገና ማስጀመር

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልነቃ፣ ከጆይስቲኩ ጀርባ «ኤል 2» በሚባለው ቁልፍ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትገኛለች። በውስጧ የተደበቀ ቁልፍ አለ። ማሽኑን ያጥፉ፤ የወረቀት አግራፍ ዘርግተው ቁልፉን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ከዚያም ማሽኑን አብርተው፣ ጆይስቲኩን መረጃ በሚያስተላልፈው ገመድ ያገናኙና የመካከለኛውን ቁልፍ ይጫኑ። ሰማያዊ መብራት ከበራ ተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለወጣው ለፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክም ይህችው ቀዳዳ በጀርባው በኩል አለች፤ እርሱ ግን የሚሞላው በታይፕ ሲ ገመድ ነው።

ነጭ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ የማይገናኝ ከሆነ ጆይስቲኩ አልሞተም። ወይ ባትሪው አንሷል፣ ወይ ማሽኑን አጥቶታል። በዚህ ጊዜ ከመክፈት ይልቅ እንደገና ማስተዋወቅ ይበቃል።

በኤክስቦክስ የሚጫወቱ ቤተሰቦች ነገሩ ይቀልላቸዋል። የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ የሚሠራው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነው። አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ ድንጋዩ ፈስሶ ብረቶቹ ላይ ዝገት ካለ በደረቅ ጨርቅ ያጽዱት።

4. መክፈት

ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ አይክፈቱ፤ የገዙበት ይውሰዱት። ውኃ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ከሆነም ለባለሙያ ይተዉት። አለበለዚያ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ያዘጋጁ። በጀርባው 4 ብሎኖች አሉ። እነርሱን ፈትተው ሁለቱን ክፋዮች ሲለያዩ አይጎትቱ፤ በመካከላቸው ሪባን የሚመስል ጠፍጣፋ ገመድ አለ። ብዙ ጆይስቲክ የሚሞተው በጥገናው ሰዓት ይህ ሪባን ሲበጠስ ነው።

ባትሪው 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ነው። የባትሪውን ገመድ ከመሰኪያው ነቅለው ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልሰው ይሰኩት፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ቴስተር ካለዎት ይለኩት። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ3 ቮልት በታች ከሆነ ባትሪው እጅግ አልቋል፣ ወይም መቀየር አለበት። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሲሰካ የማይሞላ ከሆነ ችግሩ የመሙያ ቀዳዳው ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ወይም ሪባኑ ነው። ይህ ሰሌዳ ለብቻው ይቀየራል። ነገር ግን እንደ ጆይስቲኩ ዕትም ስለሚለያይ አሮጌውን ይዘው ሄደው አመሳስለው ይግዙ። በገመድ ላይ ሲሆን እየሠራ፣ ገመዱ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ የባትሪው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባትሪው አብጦ ካገኙት አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት። ሊቃጠል ይችላል። ከልጆች አርቀው ለጥገና ባለሙያ ያስረክቡት።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ባለቤቴ ከጎረቤት ደህና ገመድ ተውሳ ሰካችው። ለግማሽ ሰዓት ምንም አልነበረም። እኔ «አላልኳችሁም?» ልል አፌን ስከፍት ብርቱካንማዋ መብራት ብልጭ አለች። ገመዱን ለምን እንደ ተበላሸ ስንመረምረው አንገቱ ላይ ተሰብሯል። ያን ገመድ አጥብቆ ጠቅልሎ ከማሽኑ በታች ጨፍልቆ ያስቀመጠው ማን መሰላችሁ? እኔው ራሴ ነበርኩ።

ልጄን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ከምሳው የቆጠበውንም ገንዘብ በእጁ ላይ አኖርኩለት። «አባዬ፣ አንተ ካላመንከኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ጆይስቲኩ በአንድ ሰዓት ዳነ። ልጄ ግን እንደ ቀድሞው ሳልጠይቀው የሚያወራኝ እስኪሆን ብዙ ሰነበተ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ጌሙን ከማስቀመጣችሁ በፊት ጆይስቲኩን ሙሉት፤ ገመዱን ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ በየሁለትና ሦስት ወሩም አውጥታችሁ ሙሉት። ዝም ብሎ ስታገኙት ደግሞ በመጀመሪያ ልጁን «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከገመዱም በፊት የሚመረመረው ይህ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።