ቻርጀሩም ከባጃጇ ጋር ይሳፈር

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ባትሪ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ዋጋው ስንት ገባ። ባትሪውን የሚያበላውን ዕቃ ግን ማንም አይጠይቅም። ቻርጀሩ ካርቶን ጥግ ተወሽቆ ይመጣል፣ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። እኔ ግን እላለሁ፦ በመንዝና በግሼ ብርድ የባጃጅ ባትሪን ከዳገቱ ይልቅ የሚገድለው ቻርጀሩ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩ ተመርጦ ይገዛ፤ ከባጃጇም ላይ በብሎን ይታሰር።

ይሄን ያስነሳኝ ራቤል ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በብድርና በእቁብ ባለ 60 ቮልት የኤሌክትሪክ ባጃጅ ገዝቶ፣ በኢሱዙ አስጭኖ አስገብቷል። «ቲቸር፣ ቻርጀሩን እሷው ላይ ልግጠመው ስል ‘መንገዱ አንገጫግጮ ይጨርስብሃል፣ ቤት አስቀምጠው’ አሉኝ። እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጎልፍ መኪና የሚሏት አለች፤ በትልልቅ ሆቴሎች ግቢ ሻንጣና እንግዳ የምታመላልሰው ትንሿ። (ጎልፉ እንኳን ይቅርብን፣ እኛ ገናችን አለችልን።) እሷም በ36 ወይም በ48 ቮልት ባትሪ የምትሄድ የባጃጅ ዘመድ ናት። ቀኑን ሜዳ ላይ ስትዞር ውላ ማታ መጋዘን ስለምትገባ ቻርጀሩ እዚያው ግድግዳው ሥር ቢቀመጥ ያስኬዳት ነበር። ከሜዳ ወጥታ መንደር ውስጥ መዞር ስትጀምር ግን ባለቤቶቿ ቻርጀሩን ወንበሩ ሥር አስገቡት፤ ሶኬት ባገኙበት ይሰካሉ። የእኛ ባጃጅ ደግሞ ገበያ ቀን የት እንደምትውል ማን ያውቃል? ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት በር አንድ ሰዓት ብትሰካ ማታ ዳገቱ ላይ አትለምንም። ቻርጀሩ ቤት ከሆነ ያቺ ሰዓት ባከነች።

አሁን ወደ ብርዱ። አብዛኛው ርካሽ ቻርጀር የተስተካከለው ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ባለ 60 ቮልቱ የእርሳስ ባትሪ አምስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ በየአንዳንዱ ስድስት ሴል፣ በድምሩ 30 ሴል። በ25 ዲግሪ እስከ 72 ቮልት ግድም ድረስ ይሞላል እንበል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ሴል ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ተጨማሪ ይፈልጋል። ሌሊቱ 5 ዲግሪ ከሆነ 20 ዲግሪ ወርዷል ማለት ነው። በ30 ሴል አባዙት፦ ከ1.8 እስከ 3 ቮልት ይጎድላል። ቻርጀሩ ግን ይሄን አያውቅም። አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ «ጠገበ» ይላል። ባትሪው ግን አልጠገበም። በየሌሊቱ ትንሽ እየተራበ ሲያድር የእርሳስ ሰልፌቱ ሳህኖቹ ላይ ይጠነክራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ከዚያ ባለቤቱ «ኤሌክትሪክ ለእኛ አገር አይሆንም» ይላል፤ ጎረቤቱም ይሰማል። ብድሩ ግን ገና አላለቀም።

ባና ደርበን በምናድርበት አገር የሚያስፈልገው ሙቀት የሚለካ ቻርጀር ነው። ጫፏ ባትሪው ላይ የምትለጠፍ ቀጭን ሽቦ አለችው፤ ብርዱን ለክታ ቮልቱን ከፍ ታደርጋለች። ዋጋው ይጨምራል፣ አዎ። ከአምስት ባትሪ ዋጋ ጋር ግን አታወዳድሩት። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው፦ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ ውርጭ መትቶት ከዜሮ በታች ከወረደም ፈጽሞ አይሞላም፤ ይበላሻል። እንደዚያ ባለ ማለዳ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቁ።

«ያንገጫግጨዋል» ላሉት ባለሙያ፦ እውነታቸውን ነው፣ መንገዳችን ምን ይመስላል! ግን መፍትሔው ጎማ ነው። ከቻርጀሩ እግር ሥር ወፍራም የጎማ ቁራጭ ይደረግ፣ ብሎኑ በማይፈታ ዳዶ ይጠበቅ። ውሃና አቧራ የማያስገባ፣ ማራገቢያ የሌለው፣ ገላው በሙሉ ክንፍ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ዓይነት ምረጡ። ማራገቢያ ያለው አቧራችንን አይችልም። በዚያ ላይ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ነን። ስለዚህ ክንፉ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይሰጠው። ከባትሪው አናት ላይ ግን አታስቀምጡት፤ የአሲዱ ትነት ይበላዋል።

ገመዱን በተመለከተ ሁለቱ ጫፎች የሚታሰሩት በጠቅላላው ባትሪ የመጀመሪያ ፖዘቲቭና የመጨረሻ ኔጌቲቭ ላይ ነው። ፊውዝ ደግሞ ከባትሪው አጠገብ ይግባ፤ ቻርጀሩ ጋ ሳይሆን ባትሪው ጋ፣ ገመዱ መሐል ላይ ቢላጥ እሳቱ የሚነሳው ከባትሪው ነውና። ለሬዲዮና ለመብራት ብላችሁ ከአምስቱ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት አትጥለፉ። ያ አንዱ ሁልጊዜ ይራባል፣ አራቱን ይዟቸው ይወድቃል። ከ60 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገበያ ላይ አለ። ተሰክታ ሳለች እንዳትነሳ የምታደርግ ሪሌይም አስገቡ፤ ረስቶ የሚነዳና የሻይ ቤቱን ሶኬት ነቅሎ የሚሄድ አይጠፋም።

ስለ ሦስተኛዋ የመሰኪያ እግር ግን ሳልቆጣ አላልፍም። ሶኬቱ አልገባ ሲል በፒንሳ ቆርጦ መጣል ልማድ ሆኗል። ያቺ እግር ከባጃጇ ሻንሲ ጋር የምትያያዝ የመሬት ገመድ ናት። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ቢያመልጥ በመሬት የሚወርደው በእሷ ነው። እሷ ከሌለች ጭቃ ላይ ቆሞ ባጃጇን የሚነካው ሰው በእሷ ቦታ ይተካል። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው። ቤታችሁም የመሬት ገመድ መኖሩን አስፈትሹ፤ ከሌለ እግሯ ብቻዋን ምንም አታደርግም።

ቻርጀሩ ቤት ይቀመጥ የሚሉት ሌላ ምክንያታቸው ሌባ ነው። ይገባኛል። ግን ቤት ሲባል አንዳንዱ ባትሪውንም ጭምር አውጥቶ መኝታው ጥግ ይሞላል። የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲቃረብ ሃይድሮጂን ጋዝ ይተፋል። በእኛ ብርድ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል። ሁለቱን አንድ ክፍል ማሳደር በነፍስ መጫወት ነው። ባጃጇ ላይ የታሰረ ቻርጀር ከነባትሪው ደጅ፣ በረንዳ ሥር ያድራል። ለሌባው ሰንሰለት አለ።

ኤሌክትሪኩ ይችላል ወይ ለምትሉ፦ ባለ 60 ቮልት፣ 12 አምፔር ቻርጀር ከሶኬቱ የሚስበው 1 ኪሎ ዋት ግድም ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ከሚስበው ሩቡ ያህል። ምጣዱና ባጃጇ በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን እንዳይሰኩ ብቻ።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ፣ ከጥር 2016 ወዲህ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ደስ ይላል። ከግድቡ እስከ ባጃጇ ባለው መስመር ላይ የመጨረሻዋ ዕቃ ግን ይቺ ቻርጀር ናት፤ አስመጪው ስለ እሷ አይጠየቅም፣ ለገዢውም የሚነግረው የለም። ለደጋ የሚሸጥ ባጃጅ ሙቀት የሚለካ ቻርጀር ተገጥሞለት እንዲመጣ ማስገደድ ከባድ ሕግ አይመስለኝም። ቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ ልጆቼም ካርቡሬተር ከመፍታት ጎን ለጎን ይሄን አስገቡበት፤ የሁለት ቀን ትምህርት ነው።

ባጃጅ ያላችሁ ደግሞ ኢንቦክስ ስትጽፉልኝ የቻርጀሩን ጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። «ኦሪጅናል ነው ብለውኛል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ ከዚያ ምንም ማስላት አልችልም።