ያልተፈተነ ሚዛን

ጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል (ሰርን) እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 ሂግስ ቦሶንን የሚመስል አዲስ ቅንጣት መገኘቱን ሲያበሥር፣ ዓለም ያጨበጨበው ለንድፈ ሐሳቡ አፍላቂዎችና ለግዙፉ የቅንጣት ማፋጠኛ ነበር። ጭብጨባው ይገባቸዋል። በእኔ እምነት ግን ግኝቱን ተአማኒ ያደረገው ከዚያ በፊት ለዓመታት የተካሄደው፣ ዜና ያልሆነው የፍተሻ ሥራ ነው።

ግኝቱን ካበሠሩት ሁለት ሙከራዎች አንዱ ሲኤምኤስ ይባላል። በውስጡ የኤሌክትሮኖችንና የፎቶኖችን ጉልበት የሚለካ ካሎሪሜትር አለ፤ የተሠራውም ከ75,848 የሊድ ታንግስቴት ክሪስታሎች ነው። ክሪስታሎቹ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ክብደታቸው ግን በመጠን ከሚስተካከላቸው ብረት ይበልጣል። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ፎቶን ሲገባባቸው ብልጭ ይላሉ፤ የብልጭታው መጠንም የፎቶኑን ጉልበት ይናገራል። እነርሱን በሩሲያና በቻይና ማምረት ብቻ ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ይሁን እንጂ ክሪስታሎቹን ማምረት የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ሁለት ክሪስታሎች ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም፤ ለእኩል ጉልበት አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይሰጣል። ሙቀታቸው በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ብርሃናቸው 2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጨረር ሲበዛባቸውም ብርሃን የማሳለፍ አቅማቸው ይደክማል። ስለዚህ ሙቀታቸው 18 ዲግሪ ላይ እንዲጸና ይደረጋል፤ በሌዘርም ዘወትር ይመረመራሉ። የካሎሪሜትሩ መካከለኛ ክፍል የተገጣጠመባቸው 36 ትልልቅ አካላት በሙሉ ከጠፈር በሚመጡ ጨረሮች ተፈትነዋል። ከእነርሱም 9ኙ ጉልበቱ አስቀድሞ በታወቀ የኤሌክትሮን ጨረር ተመሳክረዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሂግስ ቦሶን አንዳንድ ጊዜ ወደ ሁለት ፎቶኖች ይፈርሳል። ሌሎች እጅግ በርካታ ክስተቶችም እንዲሁ ሁለት ፎቶኖችን ያስገኛሉ። በመረጃው ሥዕል ላይ የሂግስ ምልክት ከዚያ ሁሉ ብዛት በላይ ብቅ ያለች ትንሽ ጉብታ ናት። መለኪያው በቂ ጥራት ባይኖረው ኖሮ ጉብታዋ ተዘርግታ ከአካባቢዋ ጋር በተቀላቀለች ነበር።

«ለፍተሻ ይህን ያህል ጊዜና ገንዘብ ማዋል ብክነት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ለእነርሱ መልሱ ከዚያው ከሰርን ደጃፍ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፔራ የተሰኘ ሙከራ ከሰርን ወደ ጣሊያን የተላኩ ኒውትሪኖዎች ከብርሃን ፈጥነው መድረሳቸውን የሚያሳይ ልኬት ይፋ አደረገ። ተመራማሪዎቹ ሌሎች እንዲመረምሩት በቅንነት ጠየቁ። በማግስቱ ዓመት ዋናው መንስኤ በሚገባ ያልተገጠመ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ሆኖ ተገኘ። አንድ የላላ ገመድ የአንስታይንን ፊዚክስ የሻረ መስሎ ለወራት ዓለምን አነጋገረ።

እንግዲህ የምርምር በጀት የሚመድቡ ወገኖች «ውጤቱ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ «መለኪያው ተፈትኗል ወይ?» የሚለውን ማስቀደም ይኖርባቸዋል። እኛም ልጆቻችንን ወደ ሳይንስ ስንመራ የሽልማት አሸናፊዎችን ታሪክ ብቻ አንንገራቸው። ክሪስታልን ከክሪስታል እያነጻጸሩ፣ የራሳቸውን መሣሪያ ከማንም በፊት እየተጠራጠሩ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች እንዳሉም ይወቁ። ግኝቱ የእነርሱም ነው።