ሳል የሌለው ቲቢ

«ዕድሜዬ 22 ነው። የደጋን ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። አንገቴ ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ከወጣችብኝ ሦስት ወር ሆነኝ። አታመኝም፤ አሁን ግን ሦስት ሆነዋል። እናቴ ‹ንፍፊት ነው፣ ይተኮስ› ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ቲቢ እንዳይሆን› ብላ አስደነገጠችኝ። እኔ እኮ አስሎኝ አያውቅም! ሠርጌ ከረመዳን በኋላ ነው። ለእጮኛዬ ልንገረው ወይስ በሻሽ ሸፍኜ ልለፈው?»

ውድ እህቴ፣ ሳላይሽ ቲቢ ነው ብዬ አልፈርድም። የጓደኛሽ ስጋት ግን እውነት አለው። ቲቢ ሲባል ትዝ የሚለን ሳል ነው። ተህዋሲው ግን ከሳንባ ተነስቶ ሌላ የሰውነት ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በሀገራችን ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን ወደ ሲሶ የሚጠጉት ሕመማቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ከነዚህም የአንገት ዕጢ ቲቢ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ሳያም ቀስ እያለ ያድጋል፤ ዕጢዎቹ ይያያዛሉ፤ ሲከርም ፈንድቶ መግል ያወጣል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

ሌሎች አንባቢዎቼም ልብ በሉ። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ በተለይ ጀርባ ከጎበጠ ወይም እግር ከዛለ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህን ጉብጠት የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። የሚብስ ራስ ምታት ከትውከትና ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ ደግሞ የአንጎል ሽፋን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል!

እህቴ፣ አታስተኩሺው። ጠባሳው ይቀርሻል እንጂ በሽታው አይለቅሽም። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከዕጢው በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ሳንባሽም ይታያል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም አድርጊ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፤ የዕጢው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ሽንትሽ ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጪ፣ ከመድኃኒቱ ነው። እብጠቱ መሀል ላይ ቢጨምር እንኳ ለሐኪሙ ንገሪ እንጂ አታቋርጪ። የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ስለሚያዳክም ከጋብቻሽ በፊት ይህን ጠይቂ።

እጮኛሽን በተመለከተ፣ ሳንባሽ ነፃ ከሆነ የዕጢ ቲቢ ብቻውን በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ንገሪው። እንዲያውም አብሮሽ ይሂድ። ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ተደብቆ መዋጥ ከባድ ነው፤ የሚያስታውስሽ ሰው ያስፈልግሻል። ሻሽ እብጠቱን ይሸፍን ይሆናል፣ በሽታውን ግን አያድነውም።