ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር

ጥቅምት ገብቶ ጭቃው ደረቅ ማለት ሲጀምር፣ አሶሳ ውስጥ ሞተር ሳይክል የምንጠግን ሰዎች ደጃፍ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተሮች ይሞላል። ከመንጌ፣ ከሆሞሻ፣ ከሸርቆሌ፣ ከኩርሙክ በአይሱዙ ተጭነው ይመጣሉ። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞርባቸው ናቸው። አብሮ የሚመጣው ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሞተሩ ስለተበላሸ ተጠግኖ እንዲሰጠን ይላል። ስመረምራቸው ግን አብዛኞቹ የተሰበረም የተቃጠለም ነገር የላቸውም። ክረምቱን ሙሉ ሲቆሙ ባትሪያቸው ሞቶ ነው። በየዓመቱ የሚደገም ብክነት ነው፤ በጥቂት ጥንቃቄ ሊቀር የሚችል መሆኑን ስለማውቅ ያንገበግበኛል።

ሞተሮቹ የሚቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በኩል ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የገጠሩ መንገድ ይላቁጣል፣ ወንዙ ይሞላል። በዚያ ላይ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። የነዳጅ ገንዘብ ያልቃል፤ አዲሱ በጀት ተለቆ ወረዳ እስኪደርስ ሞተሩ ማንጎ ዛፍ ሥር ወይም መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺና በመተከል ዞኖች በነበረው ግጭት ደግሞ ከአንድ ክረምት በላይ የቆሙ ሞተሮች አይተናል። ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀልና መንገድ ሲዘጋ ሞተር ማን ያስታውሳል? ለዚያ ማንንም አልወቅስም። የሚቆጨኝ ሰላም ባለበት ወረዳ፣ ዘበኛ ባለበት ግቢ፣ መብራት በገባበት ቢሮ የሚሞተው ባትሪ ነው።

የሞተር ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ብዙም አልራቀም፤ መሠረቱ ዛሬም እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ማንም ባይጠቀምበትም ያጠራቀመውን ኃይል በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይጨርሳል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚጨርስበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኩርሙክ ቆላው ላይ የቆመ ባትሪ አሶሳ ላይ ከቆመው ቀድሞ የሚሞተው ለዚህ ነው። ኃይሉ ወርዶ ሲቆይ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት ይጋገራል። ቶሎ ከተደረሰበት ቻርጅ ያስለቅቀዋል፤ ወራት ካለፉት ግን ደንድኖ እምቢ ይላል። ሐምሌ ላይ በአንድ ሌሊት ቻርጅ ይድን የነበረው ባትሪ ጥቅምት ላይ ይጣላል።

እንዲህ ያለ ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ቀዩን የማጥፊያ ቁልፍ አያለሁ፤ እሱ ተዘግቶ የመጣም አጋጥሞኛል። ከዚያ ቁልፉን ከፍቼ የኒውትራል መብራቷን አያታለሁ። ፈዛ ከበራችና ስታርቱን ስጫን ከጎን ሽፋኑ ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ከሰማሁ ሞተሪኖውን መፍታት አያስፈልገኝም፤ ባትሪው ሞተሪኖውን የሚያዞር አቅም አጥቷል። በቴስተር እለካዋለሁ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቮልቱ ደህና ሆኖ ስታርት ሲጫኑት ከ9 ተኩል በታች የሚወርድ ከሆነ ጭነት አይችልም። ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ፣ ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 10 ተኩል አካባቢ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፤ እሱን ማስታመም ጊዜ ማባከን ነው።

አንዳንዴ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ አገኛለሁ። ኔጌቲቩን አስቀድሜ እፈታለሁ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን፤ በፍል ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጥብቅ አድርጌ መልሼ አስራለሁ። ትንሽ ግራሶ ከላይ ይቀባል። ሞተሩ ወዲያው ይነሳል። ለአይሱዙ የተከፈለው ገንዘብ ያን ጊዜ ይቆጨኛል።

ቻርጅ አደራረጉ ላይም ጥፋት በዝቷል። የሞተር ባትሪ ትንሽ ናት፤ 5 አምፔር ሰዓት ለምትይዝ ባትሪ ግማሽ አምፔር ለ10 ሰዓት ያህል ይበቃታል። በመኪና ቻርጀር በ10 አምፔር ሲያጣድፏት ትፈላለች፣ ፕሌቷ ይረግፋል። ክዳኗ የሚከፈት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይሆንም። ቻርጅ ላይ ሳለች የምታወጣው ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ አጠገቧ ሲጋራም ከሰልም መቅረብ የለበትም።

ብዙ ቢሮዎች ዘበኛውን በየሳምንቱ አስነስተህ አጥፋው ይሉታል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ባትሪውን ግን ይጎዳል። ሞተሩ ቆሞ ሲያጉረመርም የሚያመነጨው ኃይል ትንሽ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ሲጠፋ ሞተሪኖው የወሰደውን እንኳ ላይመልስ ይችላል። ሳይሞቅ ስለሚጠፋም ጭስ ማውጫውና ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ መንዳት ከተቻለ ይነዳ፤ ካልተቻለ ኔጌቲቩን ፈትቶ መተው ይሻላል።

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ካለ ቀጥሎ የማየው ቤንዚኑን ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። ንጹሑም ቢሆን ወራት ሲቆይ ቀላሉ ይተንና የቀረው ሙጫ ይሆናል። የካርቡራቶሩን የታች ብሎን ፈታ አድርጌ በነጭ ኩባያ ስቀበለው ቡናማ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ሽታው የቫርኒሽ ነው፤ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ይንከባለላል። ካርቡራቶሩ ወርዶ ይታጠባል፣ ካንዴላው ይጸዳል፣ አሮጌው ቤንዚን ይደፋል። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ይህን ሁሉ ልፋት ያስቀራል።

አዲስ ባትሪ መግዛት ይቀላል የሚሉኝ አሉ። አይቀልም። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ይፈረማል፣ በጀት የለም ይባላል፤ ሳምንታት ይሄዳሉ። አንዲት ነርስ «ወንድሜ፣ ነገ የክትባት ዘመቻ አለብን፤ ለዛሬ ብቻ አስነሳልኝ» ብላ ስትለምነኝ የፕሮፎርማውን ነገር ምን ብዬ ልንገራት? ባትሪው ተገዝቶም የሞተሩ ሬጉላተር ካልታየ ያው ነው። ሞተሩ በመጠኑ ጋዝ ተሰጥቶት ባትሪው ላይ ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል ቮልት መታየት አለበት፤ ከ15 ካለፈ አዲሱንም ያቃጥለዋል፣ ከ13 ካነሰ ያስርበዋል።

መፍትሔው ያለው ንብረት ክፍል ነው። ሞተር ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ለአንድ ሰው ይፈረማል፤ ቆጠራ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ታይቶ አለ ይባላል። የባትሪውን ቮልት የሚጠይቅ ግን የለም። የምጠይቀው ይህ ነው፤ ሞተር ከሁለት ሳምንት በላይ እንደሚቆም ሲታወቅ ኔጌቲቩ ይፈታ፣ ካርቡራቶሩ ይድረቅ፤ አንድ ሰው በስሙ ተረክቦ ባትሪውን በወር አንዴ ቻርጅ ያድርግና የለካውን ቮልት ቅጹ ላይ ጽፎ ይፈርም። አንድ ቴስተርና አንድ አነስተኛ ቻርጀር ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በሙሉ ይበቃሉ። መብራት በሌለበት ቀበሌ መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ የሶላር ፓኔል ይህንን ይሠራል፤ የክትባት ፍሪጁ ሶላር ግን በፍጹም አይነካ።

የሞቱት ባትሪዎች ወዴት እንደሚሄዱም ይታሰብበት። አሲዱ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ሲደፋ አይቻለሁ። ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ ሰዎች አሮጌ ባትሪ ሰብረው እርሳሱን ያወጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። ንብረት ክፍሎች አሮጌውን ባትሪ ከነአሲዱ ሳይረከቡ አዲስ አያውጡ፤ የተሰበሰበውንም ክልሉ በአንድ ቦታ አከማችቶ በሥርዓቱ ለሚያስወግድ ያስረክብ።